የእትዬ ኬጡራ ማንደጃ

የክርስትና እናቴ እትዬ ኬጡራ ሊበርድ ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በእትዬ ኢቫድኒ። የጎረቤት ልጅ ሐኪም ሆነ ሲባል እልል ትላለች። የማኅበሯ ሴት አዲስ ምንጣፍ አነጠፈች ሲባል ሄዳ ትመርቃለች። እትዬ ኢቫድኒ ግን አንዲት የሻይ ማንኪያ ገዛች ከተባለ ያን ቀን ምሳ አይበላላትም። ሁለቱንም እንደ እናቴ «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ እዚህም እንደዚያው ብጽፍ አንባቢ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥርብኝ።

ቅናቱ የተጀመረው በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው በኔቪስ ደሴት፣ ጂንጀርላንድ በሚባል መንደር ውስጥ ነው። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነበር። ጥጥ ሲለቅሙ የኢቫድኒ ከረጢት ቀድሞ ይሞላል። በሰንበት ትምህርት ቤት የገና ዕለት መዝሙረ ዳዊት በቃሏ እንድትወጣ የምትመረጠውም ኢቫድኒ ናት። ኬጡራ ያንኑ መዝሙር ከእሷ ቀድማ አጥንታ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራት ትወጣዋለች። ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ እንኳ «ሁለት ቦታ ተሳስታ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም» ትለኝ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሠራተኛ ቢያጥራቸው የደሴቱ ወጣት ሁሉ መርከብ ተሳፈረ። አሁንም ኢቫድኒ ቀደመች። ጥቂት ወራት ቆይታ ለእናቷ ፎቶግራፍ ላከች፤ ባለ ፀጉር ኮሌታ ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳ በክንዷ አንጠልጥላ፣ የስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላለች። እናቷ ፎቶውን ይዘው መንደሩን አዳረሱት። ኬጡራ አይታ «ያምርባታል» ብላ መለሰችላቸው፤ ቤቷ ገብታ ግን ያን ማታ እራት ሳትበላ ተኛች፣ በማግስቱም ለጉዞው ተመዘገበች።

«ሰው የሚሰደደው ለእንጀራ ነው፤ እኔ ግን ለካፖርት ተሰደድኩ» ትል ነበር።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ስትደርስ ካፖርቱ የፎቶ ቤቱ ሆኖ አገኘችው። ከበሩ ኋላ በምስማር ተሰቅሎ፣ ከየደሴቱ የመጣችው ሴት ሁሉ በተራ እየለበሰች ትነሳበታለች። ስልኩም ገመድ የለውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» እያለች በኢቫድኒ ስትሳለቅ ሰነበተች። በሳምንቱ ግን ራሷ ሄዳ፣ ያንኑ ካፖርት ለብሳ፣ ያንኑ ስልክ ይዛ ተነሳች። በዚያ ፎቶ ላይ አንገቷን ከኢቫድኒ ትንሽ ከፍ አድርጋለች።

ሁለቱ ቻፕልታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ አልጋ ተጋርተው ይኖሩ ጀመር። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ፒክልስ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከታች አንድ አይርላንዳዊ፣ ከላይ ከጎረቤት ደሴት ከሴንት ኪትስ የመጡ ሰዎች ተከራይተዋል፤ ለሁሉም ያለው ምድጃ አንድ ስለሆነ ገንፎ ለማሞቅ እንኳ ወረፋ ነው። በክፍላቸው ያለችው የላምባ ማሞቂያ ደግሞ ሽታዋ ኬጡራን ያጥወለውላታል። ታዲያ ኬጡራ ከአገሯ ስትነሳ ሌላው ሰው ባርኔጣና ጓንት ሲያሽግ እሷ በፍላኔል ጉርዶቿ ጠቅልላ የሸክላ ማንደጃ አሽጋ ነበር። የደሴቲቱ ሴቶች በእጃቸው የሚሠሩት፣ ጂንጀርላንድ ውስጥ ከበር ላይ ተቀምጦ ዓሣውም ዳቦ ፍሬ የሚሉት የዛፍ ፍሬም የሚበስልበት ዓይነት ማንደጃ ነው።

አንድ በረዶ የጣለበት ቅዳሜ ጧት ኢቫድኒ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትሠራ አድራ እንቅልፍ ወስዷታል። ኬጡራ ወደ ምድር ቤቱ ወረደችና ከሚስስ ፒክልስ ክምር በባልዲ ከሰል ይዛ ወጣች። ደሴቱ ላይ ያለው የእንጨት ከሰል ነው፤ ከድንጋይ ከሰል ጋር ተዋውቃ አታውቅም። ማንደጃዋን ሞላች፣ ከማሞቂያዋ ላምባ ቀድታ አርከፈከፈችበት፣ ለኮሰችው። መስኮቱን አስቀድማ ብርድ እንዳይገባ በጨርቅ ወትፋዋለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ያ ቤት ያደረ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ቢጫ ጭስ በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ወረደ። አይርላንዳዊው ግማሽ ጺሙን እንደተላጨ ሮጠ። ሚስስ ፒክልስ ፀጉራቸውን በመጠቅለያ እንደጠቀለሉ፣ የወፋቸውን የሽቦ ጎጆ ታቅፈው በረዶው ላይ ቆሙ። ኢቫድኒ ከእንቅልፏ ባንና ማንደጃውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ አወጣችው። መጨረሻ ላይ ኬጡራ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣ ዓይኗ እያለቀሰ ብቅ አለችና «ማንደጃዬ ምንም አላደረገም! ጥፋቱ የከሰላችሁ ነው!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኬጡራ ስም «ማንደጃ» ሆነ። በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ «እንዴት ነሽ ማንደጃ? ዛሬስ ምን አጨስሽ?» ይሏታል የዚያ ቤት ተከራዮች። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። እኔ ልጅ ሳለሁ ያንን ወሬ በእሷ ፊት ማንሳት እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። በዚያ ጧት ሌላም ነገር ሆኗል፤ እሱን ግን አንዳቸውም አያነሱም ነበርና ያወቅኩት ሁለቱም ካረጁ በኋላ ነው።

ኬጡራ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጣች። ኢቫድኒ አግብታ፣ ወልዳ፣ የራሷን ቤት ገዝታ፣ የጸሎት ቤታችን የመዘምራን መሪ ሆነች። ኬጡራም ሁለት መንገድ አልፋ ቤት ገዛች፤ የእንግዳ ክፍሏን መጋረጃ ኢቫድኒ ቤት ካለው በአንድ ስንዝር አስረዘመችው።

ነገሩ የመጣው ማርቫ ስትመጣ ነው። ማርቫ እዚሁ የተወለደች፣ እናቷ የሴንት ኪትስ ሰው፣ ለቴሌቪዥን ድራማ የምትጽፍ ልጅ ናት። ከደሴቶቹ ስለመጡት ሴቶች ልጽፍ ነው ብላ ረቡዕ ረቡዕ በአረጋውያኑ የምሳ ማኅበር ላይ መቅረጫዋን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። እትዬ ኬጡራ ባርኔጣዋን አድርጋ ለሦስት ረቡዕ ተናገረች። ትምህርት ቤት ስላገኘችው ውጤት፣ በመርከቡ ላይ አንድም ቀን እንዳላስመለሳት፣ ፋብሪካ አንድም ቀን አርፍዳ እንደማታውቅ አወራቻት። ስለ ማንደጃው ትንፍሽ አላለችም።

ድራማው በታየበት እሑድ ማታ የጸሎት ቤቱ ሴቶች ሁሉ እትዬ ኢቫድኒ ቤት ተሰበሰቡ፤ ትልቁ ቴሌቪዥን እሷ ቤት ነው፤ ይህም አንድ ቅናት። ላስቲክ በለበሰው ሶፋ ላይ ተጠጋግተን፣ በስኳር ውኃ ደርቀው በቆሙት የዳንቴል ጌጦች መካከል ሳህናችንን እየጠበቅን ተቀመጥን። የደሴቱ ጥቁር ኬክና የዝንጅብል መጠጡ ዞረ።

ፊልሙ እኩል ላይ ሲደርስ አንዲት ቀጭን፣ መልከ መልካም ተዋናይት ከሻንጣዋ የሸክላ ማንደጃ አወጣች።

«ኧረ እቺ ልጅ! ቤቱን ልታቃጥል ነው!» አለች አንዷ።

«ዝም በይ እንስማበት!»

«ያቺን የቤት ባለቤት እዩልኝ፣ ቁርጥ የኔዋን! የፀጉሯን መጠቅለያ እንኳ አልዘነጉትም!»

ጭሱ ወጣ፣ ሰዉ በረዶ ላይ ፈሰሰ። ተዋናይቷ ማንደጃዋን ታቅፋ፣ እየዘመረች፣ ሰውን ሁሉ ሰንጥቃ አለፈች። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ መጀመሪያ ሳቅን፤ ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ መሐረብ ወጣ። እትዬ ኢቫድኒ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ፊልሙ ሲያልቅ በነጭ ፊደል «የማንደጃውን ታሪክ ላካፈሉን ለእህት ኢቫድኒ ክላክስተን ምስጋና» የሚል ወጣ።

«እህት ኢቫድኒ! ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ኖርሽ?»

«ምን ላድርግ እህቴ፤ ያለፈ ነገር ነው።»

ከዚያ ቤት ተከራዮች ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ጡረታውን ይዞ ወደ ደሴቱ ተመልሷል። በዚያ ሶፋ ላይ እውነቱን የምናውቅ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወደ እትዬ ኬጡራ ዞር አልኩ። ሳህኗ ጭኗ ላይ ነው፣ ሹካው አየር ላይ ቀርቷል። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ኬኩ ጨው በዝቶበታል» አለችና ካፖርቷን አነሳች።

መኪናዬ ውስጥ ገባን። በሩን ስትዘጋው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«አየሽ?»

«ምኑን እትዬ?»

«እንዴት ምኑን! ማንደጃዬን!»

«ያን ነገር ያነሳብሽን ሰው ስታኮርፊ አይደል እንዴ የኖርሽው?»

«ሲስቁብኝ የኔ ነበር፤ ሲያጨበጭቡለት የእሷ ሆነ? መሳቂያነቱን እኔ ተሸክሜ ላሳድገው፣ ለወግ ሲበቃ እሷ ትዳረው?» ጓንቷን አውልቃ መልሳ አጠለቀችው። «ለዚያች ልጅ ስንት ነገር ነገርኳት! ባርኔጣዬ እንኳ አልወጣችም። የእሷ ስም ግን አየሽው? ነጭ! ትልልቅ!»

ያን ሳምንት አልተኛችም። ስልክ ትደውልልኛለች፣ «ዳቦ ቤት ውስጥ እጇን ሲጨብጧት አየሁ» ትላለች፣ ትዘጋዋለች። ደግሞ ትደውላለች፤ «ጋዜጣ ሊያነጋግራት ነው አሉ። ፎቶ ያነሷታል። መቼም የፎቶ ነገር ታውቅበታለች።» በዚያ ዕድሜ ቅናት እንደ ወጣትነት ዓይን ብቻ አያቀላም፤ ጉልበት ይይዛል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ሐሙስ ዕለት ለእሑዱ የመከር ምስጋና በዓል ምሳ ስኳር ድንች ልንልጥ ጸሎት ቤቱ ማእድ ቤት ገባን። ሦስታችን ብቻ ነበርን። እኔ የጨው ዓሣ እዘፈዝፋለሁ።

«ኢቫድኒ።»

«አቤት።»

«ያ ማንደጃ የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። ማን አይደለም አለ?»

«ቴሌቪዥኑ!»

እትዬ ኢቫድኒ ቢላዋዋን አላቆመችም። «ማርቫ ያን ጧት ማን ለኮሰው ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ለሚስስ ፒክልስ የመለስኩትን መለስኩላት።»

እትዬ ኬጡራ አንገቷን ደፋች።

«ምን ብለሽ ነበር የመለስሽላቸው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ አልኳቸዋ። ማንደጃው የይቺ ይሁን እንጂ እጄ ላይ ነበር፤ ተከራዮቹ ቢጠረጥሩም እሳቸው አመኑኝ። ይቺ ከመጣች ወር አልሞላት፣ አውቶቡስ መሳፈር እንኳ አታውቅ፣ የምታውቀው ሰው የለ። እሷ ብትባረር የት ትገባለች? ያንኑ ዕለት ሻንጣዬን በበረዶ ላይ እየጎተትኩ ወጣሁ። ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ምድር ቤት አገኘሁ፤ ግድግዳው ውኃ ያለቅሳል። እስከ ዛሬ ብርድ ሲገባ የሚይዘኝ ሳል ከዚያ ያመጣሁት ነው።» አሁን ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺ እሳቱን ለኮስሽ፤ አመዱን የታቀፍኩት እኔ ነኝ። እስቲ ንገሪኝ ኬጡራ፣ ማንደጃው የማን ነው?»

«ማን ለምኖሽ!»

«ማንም አልለመነኝ።»

እትዬ ኬጡራ ሽርጧን ፈታች። ወጥታ ሄደች። ስኳር ድንቹን ሁለታችን ላጥነው። ከዚያ በኋላ ሳስበው ብዙ ነገር ገባኝ። ሰው በበደለው ላይ ከሚቀናው ይልቅ ውለታ በዋለለት ላይ የሚቀናው ይብሳል፤ የመጀመሪያውን ሊረግመው ይችላል፣ የሁለተኛውን ምን ያደርገዋል?

በጸሎት ቤታችን የምስክርነት ጊዜ የሚባል አለ። ማንም ሰው ተነስቶ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል፤ መጋቢውም ቢሆን ተቀመጥ ሊለው አይችልም። ሰውየው ካበዛው ወይም ሰው ማማት ከጀመረ አንዱ መዝሙር ያነሳል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ተናጋሪው በመዝሙር ይሰጥማል። ማንም አይቀየምም። መዝሙር የምታነሳው ደግሞ ሁልጊዜ እትዬ ኢቫድኒ ናት።

በመከር እሑድ ማርቫ እንግዳችን ሆና መጣች። ከፊልሙ የተረፈውን ማንደጃ በስጦታ አምጥታ ለምስጋና ከቀረበው ዱባና ዳቦ መካከል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ኢቫድኒ ከመዘምራኑ ፊት ሐምራዊ ባርኔጣ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሸክላ እንኳ አይደለም» አለችኝ እትዬ ኬጡራ በጆሮዬ። «ቀለም የተቀባ እንጨት ነው።»

መጋቢው ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲሉ ከእኔ አጠገብ ወንበሩ ተንቋቋ። እትዬ ኬጡራ ቆማለች።

«ወገኖቼ» አለች፣ «ያ ማንደጃ የኔ ነው።»

ጉባኤው ወደ እሷ ዞረ። «የለኮስኩት እኔ ነኝ። በቴሌቪዥን ያያችኋት ልጅ እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ቀጭን ግን አልነበርኩም።»

ከመዘምራኑ አንዷ ጉድ ሊመጣ ነው ብላ «የጌታ ቸርነት...» ብላ አነሳች። ሁለት ሦስት ድምፅ ተከተላት። እትዬ ኢቫድኒ እጇን ከፍ አደረገችና ዝም አሰኘቻቸው።

«ተዉአት፤ ትናገር» አለች።

እትዬ ኬጡራም ተናገረች። ሲናገሩባት የኖሩትን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አፍ ስታወራው ሰማኋት፤ ከሁሉም አሳምራ አወራችው። የላምባውን፣ የጨርቁን፣ የአይርላንዳዊውን ግማሽ ጺም፣ የወፏን ጎጆ አነሳች። «ማንደጃዬ ምንም አላደረገም፣ ጥፋቱ የከሰላችሁ ነው አልኳቸው!» ስትል ጉባኤው በሳቅ ተንከባለለ። መጋቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ማንደጃ! ኧረ አንቺ ነሽ እንዴ!» ብለው ጮኹ። ፊቷን ማየት ነበረባችሁ። የሸሸችው ስም እንደዚያ ሲጠራ ዘውድ እንደጫኑላት ሆነች።

እዚያ ላይ መቀመጥ ትችል ነበር። ሳቁ የእሷ ነው፣ ታሪኩ የእሷ ነው። ማርቫ ወደ እሷ ዞራ አፏን ከፍታ ታያታለች። እትዬ ኬጡራ ወንበሩን ይዛ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች፤ ግማሽ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ቀና አለች።

«አልጨረስኩም» አለች፤ ድምፁ የደስታ አልነበረም። «ሚስስ ፒክልስ ማን ነው የለኮሰው ብለው ጠየቁ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ያቺ እዚያ የተቀመጠችው፣ ሐምራዊ ባርኔጣ ያደረገችው፣ እኔ ነኝ አለች። እሷ በረዶ ላይ ወጣች፤ እኔ አልጋው ላይ ቀረሁ። አልጋው ለአንድ ሰው ሲሆን ይመች ነበር። አመሰግናለሁ ብያት አላውቅም። ያ ሳሏ...»

ቀጥላ ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልሰማትም። ሴቶቹ ከየወንበሩ ተነስተው ወደ እትዬ ኢቫድኒ ፈሰሱ። አቀፏት፣ ባርኔጣዋ ተጣመመ፣ ማርቫ ታለቅሳለች፣ አንድ ሰው «አሜን! ይህች ነች እህት!» ይላል፣ መዘምራኑ ከመሪያቸው ፈቃድ ሳይጠይቁ በሙሉ ድምፅ መዝሙር አነሱ። እትዬ ኬጡራ በጉባኤው መካከል ብቻዋን ቆማ ቀረች። እጇን አንዴ ከፍ አድርጋ ነበር፤ የሚያያት ሲጠፋ ዝቅ አደረገችው።

«ደግሞ ወሰደችው!» አለችኝ ተቀምጣ። «በእጄ ሰጠኋት፤ ሙሉውን!»

ከአምልኮው በኋላ ማርቫ መጣች። «እህት ኬጡራ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለ ትምህርት ቤት ውጤቴ ስነግርሽ ስታዛጊ አይቼሻለሁ» አለቻት።

ሁለቱን አሮጊቶች ወደ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ወደ መኪናው ስንሄድ እትዬ ኢቫድኒ የእትዬ ኬጡራን ክንድ ያዘች።

«መናገር አልነበረብሽም። ሰዉ እኮ ባንቺ ስቆ ጨርሶ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ?»

«ግማሹን ብቻ ብናገር ማንደጃው በግማሽ ብቻ ነበር የኔ የሚሆነው። እኔ ሙሉውን ነው የፈለግኩት።» ትንሽ ሄደችና ጨመረች፤ «አትሳቂ። ቅናቴ አልበረደም። ያ ባርኔጣም አያምርብሽም።»

«ያንቺ ያምራል» አለች እትዬ ኢቫድኒ።

መኪናው ጋ ስንደርስ የፊተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው እንደወትሮው ጥቂት ተጨቃጨቁ። እትዬ ኢቫድኒ ለቀቀችላት። እትዬ ኬጡራም ለምን ለቀቀችልኝ እያለች፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየቻት፣ ሳትደሰት ቤቷ ደረሰች።